የአክስቴ ሂና

«እማማ፣ ጸጉርዎን ቤት ውስጥ ሲቀቡት ዥንጉርጉር ሆኗል፤ ጥቁር ላድርግልዎ?» አለችኝ የጭሮዋ ጸጉር ሠሪ። ከጎኗ የተበጠበጠው ሂና ሲሸተኝ አክስቴ ትዝ አለችኝ።

ያኔ የከተማችን የጭሮ ስም አሰበ ተፈሪ ነበር፤ እኔም ልጅ ነበርኩ። አክስቴ ባሏ ሲሞት ተላጭታ ነበር፤ ጸጉሯ ሲያድግ ሸብቶ በቀለ። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ሂና ቀባቻት። ታዲያ ከፊት እንደ ብርቱካን ቀልቶ ከኋላ ነጭ ሆኖ ቀረ። አባቴ እህቱን ሲያይ በንዴት እጇን ይዞ ድሬዳዋ ሙያ ተምራ ወደመጣች ጸጉር ሠሪ ወሰዳት፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«አጥቁሪልን!» አለ። «ባሏን የቀበረች ሴት ናት። ነገ ገበያ በምን ዓይናችን ሰው እናያለን?»

ጸጉር ሠሪዋ ጥቁሩን ቀለም ስታነሳ አክስቴ እጇን ያዘቻት።

«ወንድሜ፣ ለሐዘኑ ስትላጩኝ ዝም አልኩ። የተላጨው የባሌ ነበር፤ ይሄ የበቀለው ግን የኔ ነው።» ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞረች። «ሂናውን ከኋላም አዳርሺልኝ።»

አባቴ እስከ ፋሲካ አላናገራትም። እሷ ግን በማግስቱ ሻሿን ጥላ ገበያ ወጣች።

ልጅቷ ጸጉር ሠሪ አሁንም መልሴን ትጠብቃለች።

«ጥቁሩን አስቀምጪው ልጄ» አልኳት። «ሂናውን አምጪ።»