እጃቸውን ከጉንጫቸው የማያነሱት ሴት

ትናንት የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ሕክምና ትማራለች። «አክስቴ፣ ድሬ ውስጥ አንገቱ ያለፈቃዱ የሚዞርበት፣ ዓይኑ አልገለጥ የሚለው ሰው ብዙ ነው እንዴ?» አለችኝ። እንጃ አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እትዬ አልማዝ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ጀማሪ ነርስ ነበርኩ። ይህንኑ ማወቅ የፈለገ አንድ ሐኪም ከተማችን መጣና፣ ኦሮምኛ ስለምችል ቤት ለቤት አብሬው እንድዞር ተመደብኩ። በሽታው አንድን የሰውነት ክፍል ብቻ ይዞ ጡንቻውን የሚያጣምም ነው። የግንቦት ፀሐይ አናት ይበሳል። በየደጁ ቀዝቃዛ ውሃ አይነፍጉንም፤ ስለ በሽተኛ ስንጠይቅ ግን «እኛ ቤት? የለም» ነው መልሱ። በሽታቸውን ያልደበቁን፣ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ጀልዴሳ ያገኘናቸው፣ ግመል የሚያረቡት አዴ ሃዋ ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን ደክሞን በቀፊራ ገበያ ስናልፍ እትዬ አልማዝን አየናቸው። እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው በርበሬና ኮረሪማ ይሸጣሉ። እጅን ጉንጭ ላይ ማድረግ ሐዘን ይጠራል ስለሚባል፣ ገበያተኛው «ገደቢስ ናቸው» እያለ ወደ ጎረቤታቸው ያልፋል።

«እናቴ፣ እጅዎን አንዴ ያውርዱልኝ» አላቸው ሐኪሙ።

ዙሪያቸውን ገልመጥ ገልመጥ አድርገው አወረዱ። አንገታቸው ቀስ እያለ ወደ ግራ ዞረና እዚያው ቀረ። እጃቸውን ሲመልሱ ተቃና።

«ጠበሉም ወጌሻውም አልቀረኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በቅርቡ ልጄን እድራለሁ። እኔ ግን አልገኝም። የሙሽራው ዘመዶች ዘራቸው ነው ይላሉ።»

«በሽታ ነው፣ እናቴ። ሌሎችም አለባቸው።»

«ማን አለበት? አሳዩኝ!»

እኔ ጀልዴሳ ወርጄ አዴ ሃዋን እንዲመጡ ጠየቅኋቸው። አላመነቱም፤ የግመል ወተት ይዘው በገበያ ቀን መጡ። አገጫቸውን በጣታቸው ደግፈው ከእትዬ አልማዝ ጎን ተቀመጡ።

«አንቺ ጉንጭሽን ነው? እኔ አገጬን ነው» አሉ በኦሮምኛ። ተረጎምኩላቸው።

ሁለቱም እጃቸውን አወረዱ። የአንዷ አንገት ወደ ግራ፣ የሌላዋ ወደ ቀኝ ዞሮ፣ የተኳረፉ ሰዎች መሰሉ። እትዬ አልማዝ መሳቅ ጀመሩ። አዴ ሃዋ ተከተሉ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ እኔንም አሳቁኝ።

እትዬ አልማዝ ሠርጉ ላይ ተገኙ፤ እኔም ተጠርቼ ነበር። የሙሽራው አክስት ጠጋ ብለው «በደስታ ቀን ምነው እጅ ጉንጭ ላይ?» አሏቸው። እትዬ አልማዝ እጃቸውን አውርደው አሳዩአቸው።

«በሽታ ነው። ጀልዴሳም ያለባት ጓደኛ አለችኝ።»

ሴትዮዋ ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብለው፣ «የወንድሜም ዓይን እንዲሁ ያለፈቃዱ ይጨፈናል። ከቤት አይወጣም» አሉ።

እትዬ አልማዝ በማግስቱ ሰውየውን ሊጠይቁ ሄዱ።

ዛሬ በሕይወት የሉም። በሽታው እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም፤ ከዚያ ሠርግ በኋላ ግን ለጠየቃቸው ሁሉ ሳይደብቁ ይናገሩ ነበር። ሐኪሙ ያገኘውን ቆጥሮ ሄደ። እትዬ አልማዝን አይቶ ስንት ሰው ከቤቱ እንደወጣ ግን የቆጠረ የለም።