የአባዬ ጓርኒሲዮንና የኔ ጆሮ

ባለፈው ሳምንት አርባ ምንጭ ውስጥ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚወጣ ሚኒባስ ከሾፌሩ ጎን ተጣብቄ ስሄድ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ከእግሬ ሥር "ጭክ፣ ጭክ፣ ጭክ" የሚል ድምፅ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ያ የማውቀው፣ ምላስ ላይ ብረት ብረት የሚል የጭስ ሽታ ተከተለው። ሞተርህ ጭስ ወደ ውስጥ ያስገባል፣ አውርደኝ አልኩት። "ማዘር፣ ደግሞ መካኒክ ሆኑ?" ብሎ ሳቀብኝ፤ ከኋላ ያሉትም አብረውት ሳቁ። ወረድኩና የቀረውን ዳገት በዚያ ፀሐይ በእግሬ ወጣሁት።

መካኒክስ አይደለሁም። አባዬም መካኒክ አልነበረም፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ ግን በሰማንያዎቹ መጨረሻ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ አንዲት ያረጀች ሚኒባስ ገዛና፣ ከዚያ በኋላ ቅዳሜያችን ሁሉ የእሷ ሆነ። ሞተሯ በፊተኞቹ ሁለት ወንበሮች መሃል፣ በቆርቆሮ ክዳን ተሸፍኖ ነበር የሚቀመጠው። ጎረቤቶቻችን ከግቢ ስንወጣ ባዩን ቁጥር "መምህር፣ ዛሬ ማን ማንን ይዞ ይሄዳል?" እያሉ ይቀልዱበት ነበር፤ እሁድ እሁድ ግን መዘምራኑን ከነጊታራቸው ቤተ ክርስቲያን የምታደርሰው ያቺው መከረኛ ናት።

በሽታዋ አንድ ነበር፤ ጓርኒሲዮን። ጓርኒሲዮን ማለት ሞተሩ ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ጋር በሚገጥምበት ቦታ፣ በሁለቱ ብረቶች መሃል ገብታ ጭሱ እንዳያመልጥ የምታፍን ስስ ነገር ናት። ደህናዋ የምትመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ እሷ እስክትመጣ ወር ስለሚያልፍ አባዬ ራሱ ይቆርጣት ነበር። እያንዳንዷን ቡሎን እንዳትሰበርበት እየለመናት ይፈታና፣ የተቃጠለውን አሮጌ በእማዬ የሽንኩርት ቢላ ይፍቃል (እማዬ በቢላዋ ምክንያት የተናገረችውን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም)፤ ከዚያ ብረቱን ግራሶ ቀብቶ ካርቶን ይለጥፍበታል፤ በታተመው ቅርፅ ላይ፣ አለ የተባለውን ሙቀት የሚችል ግራጫ ሉህ በመቀስ ይከረክማል። ያ ሉህ ሲያልቅበት የወተት ዱቄት ቆርቆሮና ካርቶን ደራርቦ ይሠራ ጀመር። እጁ እንዴት ያምር ነበር!

ጆሮው ግን እምብዛም አይሰማም፤ ለወባ የወሰደው ኩዊኒን አደንቁሮት ነበር። ስለዚህ የሚሰማለት ሰው እኔ ነበርኩ። ገጥሞ ሲጨርስ ሞተሩን ያስነሳና፣ በክዳኑ ላይ አጎንብሼ ሳዳምጥ አፍ አፌን እያየ "ምን ይላል?" ይለኛል። ጭክ ይላል ካልኩት ያጠብቃል፤ ምንም አይልም ካልኩት እጁን ይታጠባል። በሒሳብ አርባ ያላገኘሁ ልጅ፣ ተማሪ ሁሉ የሚፈራው መምህር ከአፌ የምትወጣውን ቃል ሲጠብቅ እንዴት እንደምኮራ!

ለመስቀላ፣ ለእኛ ለጋሞዎች የመስቀል በዓል፣ ደጋው ገረሴ አያቴ ዘንድ መውጣት ነበረብን። በፊተኛው ዓመት መንገድ ላይ ተበላሽታ ተመልሰን፣ ሳምንት ሙሉ አልቅሻለሁ። በዚህኛው ዓመት፣ በዋዜማው ጠዋት፣ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ አጎነበስኩ። "ምን ይላል?" አለኝ። ጭክ ይላል፤ ቀስ ብሎ፣ ግን ይላል። ካልኩት ፈትቶ እስኪቆርጥ፣ ቆርጦ እስኪገጥም መስቀላ ሊያልፍ ነው።

"ምንም አይልም" አልኩት።

ራሴን ዳበስ አድርጎኝ "የኔ ጆሮ!" አለ።

ቆላውን መስኮቱን ከፍተን እየዘመርን ጨረስነው። ዳገቱ ላይ ጉምና ዝናብ ሲቀበለን ግን ሁሉን ዘጋጋነው። የስድስት ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ ብሩክ ራሴን አመመኝ አለ፤ ቀጥሎ አስመለሰው። የአርባ ምንጭ ሰው ራስ ምታትና ማስመለስ አንድ ላይ ካየ ሌላ ምን ይጠረጥራል? "ወባው ተነሳበት" አለች እማዬ፤ ክሎሮኪን አዋጠችው፤ ብርዱ እንዳይጎዳው በቡልኮ ጠቀለለችና ከሁሉ ይሞቃል ያለችው ቦታ ላይ፣ የሞተሩ ክዳን ላይ አስተኛችው። እኔንም ራሴን ይወቅረኝ ነበር፤ ጉሙን ለማየት ብዬ በመስኮቱ ስንጥቅ አፍንጫዬን አወጣሁ። አባዬ እየነዳ "ተኛ?" ሲል ጮክ ብላ "ተኛ፣ እሰይ" አለችው። ከንፈሩ ቀልቶ ነበር፤ ትኩሳት ነው አልን።

ገረሴ ስንደርስ አያቴ እጇን ዘርግታ ወጣች፤ ብሩክ አልነቃም። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ቡልኮውን አሸተተና ወባ አይደለም፣ ጭስ ነው አለ። አባዬ ሮጦ ሄዶ ክዳኑን ከፈተ። ጓርኒሲዮኑ አንድ ቦታ ላይ ጣት በምታህል ስፋት ተቃጥሎ ነበር። እጆቹን ዝናቡ ውስጥ ዘርግቶ አያቸውና "እጄ ነው" አለ።

ሚኒባሷ ግቢያችን ቆማ ዶሮ ሲፈለፈልባት ኖራ ለቁራሊዮ ሄደች። አባዬ ከዚያ ወዲህ መቀስ አልያዘም፤ የደብተር ሽፋን እንኳ ቁረጥልኝ ቢሉት እጁን ከጋቢው አያወጣም። ለቅሶ የመጣውም፣ ፓስተሩም፣ ማንም ቢያጽናናው መልሱ ያችው "እጄ ነው" ነበረች። ሃያ ስንት መስቀላ አለፈ፤ በያንዳንዱ ዛሬ እነግረዋለሁ ስል፣ ዛሬ ደግሞ በዓል ነው እያልኩ ተውኩት። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

በመጨረሻ የነገርኩት አልጋ ላይ ሲውል ነው። እማዬ እግሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። እጁን ይዤ፣ "አባዬ፣ ያን ቀን ሰምቼ ነበር። ጭክ ይል ነበር። እጅህ አይደለም" አልኩት። ያኔ ጆሮው ሥር ካልጮኹበት ጭራሽ አይሰማም፣ ዓይኑም አፌን አይለይም። ፈገግ ብሎ ወደ እማዬ ዞረና፣ "ምን ትላለች?" አላት።

እማዬ ብዙ አየችኝ። ከዚያ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ ጮክ ብላ፣ "ምንም አትልም" አለችው።