ጨው እያለን

የልጅ ልጄ ለፈተና ጮክ ብላ ታጠናለች። «አርጎን ከሌላ ጋር አይዋሃድም። የውጪው ምህዋሩ በኤሌክትሮን ስለሞላ አይሰጥም፣ አይቀበልም።» እኔ ከፊደል ብዙም አላለፍኩም፤ ይህን ነገር ግን ሚኤሶ ልጅ ሆኜ አይቼዋለሁ።

እናቴ ጨው እያለን ስኒ ይዛ ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ ዘንድ ጨው ልትለምን ትሄድ ነበር።

«ሞልቶን ሳለ ምን ያስለምንሻል?» አላት አባቴ።

«የሞላ ቤት ማን ይገባበታል?» አለችው። ያኔ አልገባኝም። አባቴ ስኒውን ቀምቶ ከድንጋይ ላይ ከሰከሰው። ከዚያ ወዲህ እኛም አልሄድን፣ እነሱም አልመጡ።

ታናሽ እህቴን ወባ ያዛት። የአዴ ፋጡማ ባል መኪና ነበረው። እናቴ «ሂድ ለምነው፣ ሐኪም ቤት ያድርስልን» ብላ አባቴ እግር ላይ ወደቀች። «ማንንም አልለምንም» አለ፤ እሷም እንዳትወጣ በሩ ላይ ቆመ። ልጅቷ በዚያው ቀን አረፈች። አዴ ፋጡማ ለቀብር መጥታ «ምነው ብትጠሩን!» እያለች ደረቷን ደቃች።

የአባቴ ግትርነት ለእኔ ተረፈ። እዚህ ጭሮ ከጎረቤቴ ጋር ሰላምታ ካቆምን ዓመታት አልፈዋል። አሁን በሽታ ጸንቶብኛል፤ ከሞትኩ ይህችን ልጅ የሚያይልኝ የለም።

«ጭራሽ አይዋሃድም?» አልኳት።

«እንደ ዜኖን ያሉት የአርጎን ዘመዶች አንዳንዴ በግድ ይዋሃዳሉ፣ አባባ።»

ስኒ አነሳሁ።

«ወዴት ነው?»

«ጨው ልለምን።»

«ጨው አለን እኮ!»

«አውቃለሁ።»

የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። መልስ የለም። ደግሜ አንኳኳሁ።