በማን ጣት ይለካ?

መርፌ የሚሏት በቅጥነቷ ብቻ አልነበረም። በዚያ ባሕር ዳርቻ የተቀደደ መረብ ሁሉ የሚጠገነው በእሷ እጅ ነበር። ከጠባቧ ክፍሏ ደጃፍ ተቀምጣ፣ የመረቡን ጫፍ በእግሯ አውራ ጣት ወጥራ ስትቋጥር፣ አላፊ አግዳሚው ሳይቀልድባት አያልፍም፤ እሷም ሳትመልስለት አትቀርም። ባሏ ወገቡን ታሞ ባሕር መውጣት ከተወ ወዲህ፣ የቤቱ ኑሮ የቆመው በእሷ ጣቶችና በዋርሳዋ ጀልባ ነው። ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ አፉ አያርፍም እንጂ ሆዱ ንጹሕ ነው፤ ከሚያጠምደው ላይ ለወንድሙ ቤት ድርሻ ሳያነሳ ውሎ አያውቅም።

ልጅ ሳለች አባቷ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ የሚመጣው ዓሣ ጭራው መሬት ይነካ ነበር። አሁን ከመረብ የሚራገፈው መዳፍ አይሞላም። ነጋዴው ትንንሹን ዓሣ አይቶ ዋጋ ይሰብራል። አጥማጁ ነዳጁን እንኳ ለመሸፈን ሲል ብዙ ለማውጣት የመረቡን ቀዳዳ ያጠባል። ቀዳዳው ሲጠብ ገና እንቁላል ያልጣለው ዓሣ ተጠራርጎ ይወጣል፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከዚያም ያነሰ። እንዲህ እያሉ ባሕሩን ራቁቱን ሊያስቀሩት ሲደርሱ የአጥማጆቹ ማኅበር ተሰብስቦ ተማማለ። ዓሣው በሚራባበት ወቅት ማንም አይወጣም። ከዚያም በኋላ ቀዳዳው አራት ጣት የማያስገባ መረብ ባሕር አይነካም፤ ከተገኘ የማንም ይሁን የማን እዚያው አሸዋው ላይ ይቆረጣል።

ባሕሩ ተዘግቶ ሳለ መርፌ ለዋርሳዋ አዲስ መረብ ሠራች። የሁለቱ ቤት ጥሪት ሁሉ የናይለን ክር ሆነ። በየቀዳዳው አራት ጣቷን እየከተተች፣ እየለካች፣ ደስ እያላት ቋጠረችው። ሌሎቹ አጥማጆች አዲስ መረባቸውን በየራሳቸው ወፍራም ጣት እየለኩ ሲሠሩ፣ እሷ በራሷ ቀጭን እጅ መለካቷን ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ባሕር መውጫው ቀን ሲቃረብ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አሸዋው ላይ የተዘረጋውን መረብ ሁሉ እየዞሩ ፈተሹ። በጉብዝናቸው ዘመን መልሕቅ ሲጎትቱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጣታቸው ይመሰክራል። እሷ የሠራችው መረብ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ሰደዱ። ሦስት ጣት ገባ፤ አራተኛው እምቢ አለ።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ጠቧል።»

«ኧረ ጋሼ! አንድ በአንድ ለክቼዋለሁ» አለችና የራሷን እጅ ከተተች። እስከ አንጓዋ ገባ።

የቆመው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

«የእሷ ደግሞ ጣት ነው እንዴ? ክር ነው እንጂ!» አለ አንዱ ጎረምሳ አጥማጅ።

«የጋሼስ? አንዱ ጣታቸው ብቻውን ተመዝኖ ይሸጣል!» አለ ዋርሳዋ። ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ። «ቆይ እስቲ፣ ስንማማል በማን ጣት ተባለ?»

በማን ጣት እንደሚለካ የተናገረ አልነበረም።

«ለእሷ ከተፈቀደ እኔም የሚስቴን ጣት ይዤ እመጣለሁ» አለ ያው ጎረምሳ።

«እኔ ደግሞ የአራስ ልጄን!» አለ ሌላው። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም።

መርፌ መረቡን አየችው። ቢቆረጥ የዋርሳዋ ጀልባ ወቅቱን ሙሉ ደረቅ ላይ ይከርማል፤ የሁለት ቤት ጉሮሮ ይዘጋል። ባይቆረጥ ደግሞ በየቤቱ ጣት እየቀጠነ ይሄዳል፤ ባሕሩም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

«ቁረጡት» አለች።

«አበድሽ እንዴ እታለም?» ጮኸ ዋርሳዋ።

«አላበድኩም። አብረን ነው የማልነው።»

ሊቀ መንበሩ ቢላዋቸውን መዝዘው ቆሙ። ቆሙ፣ ቆሙና ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረው ቆረጡት። የዚያኑ ዕለት ለመለኪያ አንድ እንጨት ተጠረበ፤ ከእንግዲህ የማንም ጣት አይጠራም ተባለ።

በማግሥቱ ጠዋት በሯን ስትከፍት ያ ጎረምሳ ትከሻው ላይ ቁራጭ መረብ ጥሎ ቆሟል።

«ከመረቤ ጫፍ ላይ ነው። ትርፍ ነበረኝ።»

ውሸቱን ነው። ትርፍ መረብ ያለው አጥማጅ ከየት ይመጣል? ከእሱ ኋላ ሌላው መጣ፣ ከዚያም ሌላው። አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ ፀሐይ ያነጣው፣ ደጃፏ ላይ ተከመረ። ሊቀ መንበሩም የራሳቸውን ይዘው መጡ፤ ዓይን ዓይኗን ሳያዩም «ትናንት እጄ ነው እንጂ እኔ አልቆረጥኩም» ብለው አስቀምጠውላት ሄዱ።

መርፌ ቁራጮቹን ትሰፋ ጀመር፤ ባሏም ጋደም ባለበት ክሩን ያቀብላት ነበር።

«ይኼን ዝንጉርጉር ያየ ዓሣ በሳቅ ይሞታል» አለ ዋርሳዋ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ። «ማጥመድም አያሻኝ፣ መልቀም ብቻ ነው።» ይህን እያለ ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል።

ባሕሩ በተከፈተ ዕለት ጎሕ ሲቀድ ጀልባዎቹ አብረው ወጡ፤ የዋርሳዋም መሐል ላይ። የሌሎቹ መረብ ሁሉ ጫፉ አጥሯል፤ የትኛው ምን ያህል እንዳጠረ ግን ከእሷ በቀር ያወቀ የለም።

ባሏ ግድግዳውን ተደግፎ ወጣና አጠገቧ ቆመ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቶ «ምን ታጉተመትሚያለሽ? ጀልባ ትቆጥሪያለሽ?» አላት።

«እየመረቅሁ ነው» አለች። «አታናግረኝ፣ አንዱን እዘልላለሁ።»

እሱም የመጨረሻዋ ጀልባ እስክትርቅ አብሯት ቆመ።