የላሜራው ደረጃ

በድሪያ ምድጃ ሠሪ ናት። ምን አለሽ ተራ ውስጥ፣ ያረጀ በርሜል ተቀዶ የከሰል ምድጃ ሆኖ ከሚወጣባቸው ጠባብ ሱቆች በአንዱ ደጃፍ፣ ዊልቸሯ ላይ ተቀምጣ ስትቀጠቅጥ ትውላለች። ቤተሰቧ ከወሎ ሲመጣ ሕፃን ነበረች፤ እግሮቿን ፖሊዮ የያዛቸው ያኔ ነው። መዶሻ ያስያዟት አባቷ ናቸው። አንድን ላሜራ ሁለት ሰው ሲቀጠቅጠው የአንዱ መዶሻ በሌላው ክፍተት መግባት አለበት፤ አለዚያ ጣት ይሄዳል። እሷ ያንን ክፍተት ስትፈልግ አደገች። ከበሮም ትመታለች፤ እሱን ያስተማራት ሌላ ሰው የለም።

የብረት ድምፅ ለእኔ ጩኸት ብቻ ነበር። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ግን ጎረቤቶቿ ሁሉ ሲቀጠቅጡ የእሷ መዶሻ በመካከላቸው ሲራመድ ሰማሁ፤ ያ ሁሉ ሁካታ ዘፈን ሆነ። አንድ ኩሊ "ወንድም፣ መንገድ!" ብሎ እስኪገፋኝ ድረስ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ።

ከገበያው ጀርባ ባለ አዳራሽ "አካታች ኮንሰርት" ሲዘጋጅ እሷም ተጋበዘች። ላገኘችው ሁሉ የምትናገረው አንድ ነገር ነበር፦ "እስከ ዛሬ ሰው የሚያየው ወንበሬን ነው። የዚያን ቀን እጄን ያያሉ።"

በዕለቱ ከበርሜል የሠራቻቸውን ከበሮዎች አስቀድመው መድረክ ላይ አወጡላት። ዓይነ ስውሩ ክራር ተጫዋች ጠሀ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃታል። እሷ መድረኩ ሥር ደረሰችና ቀና አለች። ደረጃ! በአካል ጉዳተኞች ኮንሰርት ላይ ቀጥ ያለ የብረት ደረጃ! ለክቡር እንግዶች ሶፋ የደረደረ፣ አበባ ያስመጣ፣ "አካታች" የሚለውን ቃል በበር ቁመት ያሳተመ ሰው፣ ወንበር የሚያወጣ አንድ ጣውላ ማስተኛት አልታየውም።

"ችግር የለም፣ እህታችን፤ ሰው ጠርቻለሁ" አለ አስተባባሪው ኃይለልዑል፣ ከረባቱን እያስተካከለ።

የጠራው ኩሊ ነው። ሶሬሳ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ላቡን እየጠረገ ገባ።

"ዕቃው የታለ?"

ኃይለልዑል በአገጩ በድሪያን አሳየው።

"እሷን? በድሪያን?" ሶሬሳ ጆንያውን አወረደ። "ጋሼ፣ ያሾፋሉ እንዴ? በስልክ 'የሚወጣ ዕቃ አለ' አይደል ያሉኝ?"

"ሶሬ፣ በኪሎ ነው የተዋዋልከው በፍሬ?" አለች በድሪያ። ሰው ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

"አንቺ ልጅ፣ ሰዓት የለንም" አለ ኃይለልዑል። " ብድግ አድርጎ ያወጣሻል፣ በቃ። ካሜራም አለ፤ የሕዝቡ ልብ ይነካል።"

ልብ ይነካል! እዚያው ቆሜ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

"ጋሼ፣ እኔ ልብ ልነካ አልመጣሁም፤ ከበሮ ልመታ ነው" አለችው። "እንደ ጆንያ ካወጡኝ ሰው ይዞ የሚሄደው ሸክሙን ነው። ማን ይሰማኛል?"

"እንግዲያው ተራሽ ያልፋል።"

በምን አለሽ ተራ ላሜራ ሳይንኳኳ አይታመንም፤ ወፍራሙ ድምፁ ይታፈናል፣ ስሱ ይጮኻል። በድሪያ ንዴቷን የምታደርግበት አጥታ ይሁን በልማድ፣ መዶሻዋን ከቦርሳዋ አወጣችና የመጀመሪያውን ደረጃ አንኳኳች። ሥሩ ባዶ ነው። ጮኸ። ሁለተኛውን መታች፤ ሌላ ድምፅ። ሦስተኛው ጎርነን አለ። ክንዷ ከዚያ በላይ አይደርስም።

"ሶሬ፣ ዕቃው እዚያ ላይ ነው" አለች ከበሮዎቿን እያሳየች። "እሱን አውርድልኝ።"

"ይኼ ሥራ ነው!" ብሎ ሶሬሳ ደረጃውን በሁለት እርምጃ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እስካሁን ሳስበው ይደንቀኛል። ሶሬሳ ከበሮዎቹን አውርዶ ከጎኗ እንደደረደራቸው፣ በአንድ እጇ የበርሜሉን ከበሮ፣ በሌላው ያላሳለፋትን ደረጃ ትመታ ጀመር። ጠሀ ክራሩን ታቅፎ፣ ድምፁን በእጁ እየዳበሰ የሚመጣ ይመስል፣ መጥቶ ላይኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ከኋላ ያሉት ወንበር ላይ ቆሙ። ሶፋ ላይ የነበሩት አንገታቸውን አሰገጉ። ሁሉም የሚያየው እጇን ነበር።

ስትጨርስ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ኃይለልዑል ማይክራፎኑን አፈፍ አደረገ።

"ክቡራንና ክቡራት! ይህንን ልዩ ደረጃ ለእህታችን ስንል አስበን ያዘጋጀነው..."

በድሪያ መዶሻዋን አነሳች። አባቷ ያስተማሯትን ክፍተት አልጠበቀችም፤ ቃሉ ላይ መታች። ንግግሩ ተቋረጠ።

"እህታችን..."

እንደገና መታች። ማይክራፎኑን እስኪያስቀምጥ ድረስ መታች።