ሱጊም የተወለደችበት ዓመት

እኛ ሰፈር፣ ሉካንግ ውስጥ፣ ሴት ስትወልድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ወንድ ነው ሴት ብሎ አይደለም፤ ማን ገባባት ብሎ ነው። እኛ ዘንድ ዓመቶች በአሥራ ሁለት እንስሳት ስም እየተፈራረቁ ይጠራሉ፤ በነብር ዓመት የተወለደ ሰው የሙሽራ ጓዳም አራስ ቤትም አይገባም። ከገባ ሕፃኑ ይደነግጣል፣ ጡት ይተዋል ይባላል። እኔ ሁለተኛ ደረጃ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ብዙም አላምንም። የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን ግን አለማመንም ያስፈራል።

አክስት ሱጊም የሥጋ ዘመዴ አይደለችም። ባሏ ከሞተ ወዲህ አራስ እየጠበቀች፣ የሰው ልጅ እያጠበች የምትኖር የሰፈራችን ሴት ናት። ልጄን ስወልድ እኔ ጋ የመጣችው ከባሕር የሚነሳው ነፋስ በየስንጥቁ በሚያፏጭበት በከባዱ ብርድ ወቅት ነበር። እንደገባች መስኮቱን በጨርቅ ወታተፈች፤ ዶሮውን በሰሊጥ ዘይትና ባረጀ ዝንጅብል እያቁላላች ወሬዋን ጀመረች።

«አሁን ምድር ተኝታለች፤ አንቺም ተኚ» አለችኝ። «ጸደይ ሲገባ ዝንጅብሉን ቀንሰን ቅጠላ ቅጠል እንጨምራለን፤ ያኔ ጉበትሽም እንደ ምድሯ ይነቃል። እስከዚያ ግን ቀዝቃዛ ውኃ ስትነኪ ባገኝሽ እጅሽን ነው የማስረው።»

«ፀጉሬንስ መቼ ነው የምታጠበው?»

«ባልሽ ሲሸሽሽ።»

ወደድኳት። ዓይኔ ግን ከእሷ ላይ አልተነሳም። አንዳንድ ጠዋት ግድግዳው ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ የትናንቱን ወረቀት ትገነጥልና ከሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ታነባለች። እዚያ ላይ ቀኑ ለየትኛው ዓመት ልጅ ክፉ እንደሆነ ይጻፋል። አንብባ ስታበቃ ወገቧን ትይዛለች፤ «ዛሬስ ጎንበስ ማለት አልቻልኩም» ትልና ልጁን አማቴ እንዲያጥቡት ታደርጋለች። በማግስቱ ወገቧ ደህና ነው። ደግሞ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ልጃቸውን ሲድሩ ሴቱ ሁሉ ሙሽራዋን ሊያይ ሲሮጥ እሷ ጓዳ ተቀምጣ ንጹሑን ድስት ትፈትግ ነበር።

«አክስቴ፣ ዓመትሽ ምንድን ነው?» አልኳት አንድ ቀን።

«ብዙ የበላሁበት ዓመት» ብላ እየሳቀች ወጣች።

አማቴ ከበሩ ጀርባ ሰምተዋል። «ሰው ዓመቱን ለምን ይደብቃል?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ዕድሜዋን ደብቃ ይሆናል፣ እማማ።»

«ዕድሜዋንማ ፊቷ ይናገር የለ?»

ጸደይ ሊገባ ሲል ልጄ ጡት እንቢ አለ። ይይዝና ይጮሃል፣ ይለቃል። አማቴ ሱጊምን ብቻ ያዩ ነበር። እኔም ሳላስበው ማየት ጀመርኩ።

ጸደይ በገባ ቀን የቤት አቀማመጥና የቀን ዕድል የሚያነቡት መምህር ኮ ኮምፓሳቸውን ይዘው መጡ። በየዓመቱ ይመጣሉ፤ በአዲሱ ዓመት የትኛው የቤቱ ማዕዘን መነካት እንደሌለበት፣ የት ምስማር እንደማይመታ ይነግሩናል። በዚህኛው ዓመት ግን ቤት ውስጥ የሚገባ የሚወጣውን ሰው ዓመት አንድ በአንድ ጠየቁ። አማቴ እንዳዘጋጇቸው ገባኝ።

«በሬ» አለች ሱጊም ተራዋ ሲደርስ። «በሬው ሊወጣ ሲል፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር።»

«የተወለድሽው ጸደይ ከገባ በኋላ ነው ከመግባቱ በፊት?» አሉ መምህር ኮ።

ሽርጧን በእጇ ጨበጠች። «እናቴ፣ በገባ ማግስት ነው ትለኝ ነበር» አለች።

«ሰዉ ዓመት የሚቆጥረው ከአዲስ ዓመት በዓል ነው። በዚያ ከሄድን በሬ ነሽ። እኛ አዋቂዎቹ የምንቆጥረው ጸደይ ከሚገባበት ቀን ነው፤ እሱ ደግሞ አንዳንዴ ከበዓሉ ይቀድማል። በዚህ ከሄድን ነብር ነሽ።»

«እንግዲህ የልጅ ልጄን ስታጥብ የከረመችው ነብር ናታ» አሉ አማቴ።

ሱጊም ሽርጧን ፈታች፣ አጠፈች፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ይሄ ደግሞ የባሰ አጠራጠረኝ፤ ጥፋት የሌለበት ሰው ይከራከራል ብዬ።

አማቴ ክፉውን ለማስወጣት በሩን በትርንጎ ቅጠል ውኃ አጠቡት። ልጁ ማልቀሱን አልተወም። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ያው ነው። ነብሯ ከሄደች ማን ነው የሚያስደነግጠው? ያን ጊዜ ጥርጣሬዬ ወደ ሌላ ወገን ዞረ። ራሴን ጠቅልዬ፣ ባለቤቴን ሊያንግን አስከትዬ ልጁን ክሊኒክ ወሰድኩት፤ አማቴ «አራስ በነፋስ?» እያሉ በር ድረስ ተከተሉኝ። ነርሷ አፉን በባትሪ አይታ ምላሱ ላይ ያለውን ነጭ አሳየችኝ። የወተት ቅሪት መስሎኝ ነበር። «ብዙ ሕፃን ይይዘዋል፣ ማንም አላመጣበትም» ብላ ጠብታ ሰጠችን። ብዙም ሳይቆይ ልጄ እንደ ድሮው ጠባ።

እኔም ሱጊም ቤት ሄድኩ።

«አብደሻል? አራስ ሆነሽ በዚህ ነፋስ?» ብላ ጎትታ አስገባችኝ።

«አክስቴ፣ ታውቂ ነበር?»

«ሁለት አዋቂ ጠይቄያለሁ። አንዱ በሬ አለኝ፣ አንዱ ነብር። የሚያበላኝን ያዝኩ። አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትይዢ ነበር?»

«ልጄን የማትነኪባቸው ቀኖችስ?»

«ለነብር ክፉ የተባሉ ቀኖች ናቸዋ» አለች ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። «እኔም ራሴን እጠረጥራለሁ እኮ። የታናሽ እህቴ ሠርግ ላይ አንዷ አክስታችን በር ላይ መለሰችኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እጠረጥራለሁ። ግን ሌላ ሥራ አላውቅም። ይሄ ወሬ ከእናንተ ቤት ከወጣ ማንም አይጠራኝም።»

ወደ ቤት ስመለስ ያሰብኩት የሚዋሽ ሰው እንዲህ አይጠነቀቅም ብዬ ነው። ሙሉ በሙሉ አመንኳት ማለት ግን አይደለም። አማቴን «ነብር የማይገባው አራስ ቤት ነው፤ ሳሎን አይገባም ያለ አለ?» አልኳቸው። እሳቸውም መምህር ኮን አስጠሩ። መምህር ኮ ጢማቸውን እየነካኩ ሳሎን አራስ ቤት እንዳልሆነ አመኑ፤ አልጋ የሚነሳበትንም ቀን መረጡልን። በዚያ ቀን እኔና ልጄ ከነአልጋችን ሳሎን ወጣን፤ ሱጊምም ተመለሰች። አማቴ ፊት ለፊቷ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እንዳልተኛሁ እወቂ።»

«ይዩኝ እትዬ። ማየቱ ሲሰለችዎ ሽንኩርቱን ይላጡልኝ።»

ላጡላት።

የአራስነቴ ወር ሊያልቅ ሲል የመንገዱ ጥግ ላይ ኑድል የሚሸጡት ሴትዮ መጡ። ምራታቸው ልትወልድ ተቃርባለች። ልጁን ሳይሆን አልጋውን ነው የሚያዩት።

«አልጋው እዚህ ምን ይሠራል?»

«ብርሃን ፈልጌ ነው» አልኩ።

«ሱጊምን ልጠራት ነበር። ግን የሚወራ ሰማሁ። ዓመቷ ምንድን ነው?»

ጓዳ ውስጥ ይከትፍ የነበረው ቢላ ቆመ። እኔ ደግሞ ሱጊምን ከአፌ በሚወጣው ቃል ላበላትም ላስርባትም እንደምችል አወቅኩ።

«በበሬ ዓመት መጨረሻ፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር ነው የተወለደችው» አልኩ። ሐሰት የለበትም። ስለ ጸደይ ግን አላነሳሁም።

ይጨምሩበታል ብዬ አማቴን አየሁ። አማቴ ትንፋሹን የሚቆጥሩ ይመስል የተኛውን ልጅ ጎንበስ ብለው ተመለከቱት።

«እጇ ንጹሕ ነው» አሉ ወደ ሴትዮዋ ዞረው። «ጥሪያት። አልጋውን ግን ሳሎን አውጪው፣ ለማንኛውም።»