የኦርሶላ ቀይ አፈር

የባሌ አክስት ኦርሶላ አርባ ዓመት ሙሉ ሥራዋ ሥዕል ላይ ወርቅ መለጠፍ ነበር። እዚህ ቬኒስ አጠገብ ባለችው ከተማችን ኪዮጃ ካሉት የድሮ ቅዱሳን ሥዕሎች ግማሾቹ የቆሙት እሷ በለጠፈችው ወርቅ ላይ ነው። ወርቁ ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል፤ በጣት ከነኩት አለቀለት። ስለዚህ ብሩሿን ጉንጯ ላይ ታሸውና በወዟ ታነሳዋለች። ከሥሩ ቀይ አፈር በሙጫ ተበጥብጦ ይቀባል። አፈሩ ላይ አፏን ከፍታ ስትተነፍስበት ይረጥባል፣ ወርቁም ይይዛል። ከዚያ እስኪያበራ ድረስ በውሻ ጥርስ ትወለውለዋለች።

ቀስ በቀስ ግን ወርቅ የሚፈልግ ጠፋ። የድሮዎቹ ሠዓሊዎች ቀለማቸውን በእንቁላል አስኳል ይበጠብጡ ነበር። ፊቱንም ከግሪኮች እንደተማሩት ነው የሚሠሩት፤ ረጅም አፍንጫ፣ ትልልቅ ዓይን፣ ከጀርባው ወርቅ። በኋላ በወርቁ ቦታ ተራራና ሰማይ መጣ። ባሌ ቦርቶሎ ሠዓሊ ሆኖ ሲነሳ ደግሞ ሥዕል ይሠራበት በነበረው እንጨት ፈንታ ሸራ፣ በእንቁላሉ ፈንታ የተልባ ዘይት ሆነ።

የዓሣ አጥማጆች ማህበር ንብረት የሆነው የድሮው የቅዱስ እንድርያስ ሥዕል በጨው አየር ተበልቶ ስላለቀ፣ አለቃቸው ዛኔቶ አዲስ ሊያዝዝ ቤታችን መጣ።

«እንደ ቬኒሶቹ አድርገህ ሥራልን» አለው ቦርቶሎን። «ደም ሥሩ የሚታይ እጅ ይኑረው። ወርቅ አንፈልግም።»

እኔም አክስቴ የምላት ኦርሶላ ጥጓ ላይ እንደተቀመጠች «ወርቅ ከሌለ ቅዱሱ የት ሊቆም ነው?» አለች።

«መሬት ላይ ነዋ፣ እትዬ ኦርሶላ። ዓሣ አጥማጅ አልነበረም እንዴ?»

«ሰማይ ቤት ከገባ ቆይቷል።»

«እኛ ግን ገና አልገባንም» አለ ዛኔቶ።

እሱ እንደወጣ ቦርቶሎ በልቡ የያዘውን ተናገረ። ከቅዱስ እንድርያስ በዓል በኋላ አክስቱ ፔሌስትሪና ደሴት እህቷ ጋ ትሄዳለች። በቤቱ ለእሷ የሚሆን ሥራ የለም።

«ታርፊያለሽ አክስቴ።»

«ደከመኝ ያለህ ማነው? እህቴ የምታረባው ዶሮ ነው። ዶሮ ላይ ወርቅ አይለጠፍም።»

እኔ ለራት በያዝኩት ሰርዲን ዓሣ ላይ ሽንኩርትና ኮምጣጤ ማድረጌን ቀጠልኩ። ፊቷን ማየት ግን አልቻልኩም።

የመጨረሻ ሥራዋ ተብሎ ሸራውን ነጭ እንድትቀባ ተሰጣት። ቦርቶሎ ለሁለት ቀን ቀለም ሊገዛ ቬኒስ ሄደ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት እሳት ልጭር ሥራ ቤቱ ስገባ አክስቴ ሸራው ሥር ተንበርክካ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች። ሸራው ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። ነጩን ከቀባች በኋላ እጇ አርባ ዓመት የለመደውን መንገድ ሄዶ፣ ቀዩንም ደርቦበታል። ብሩሹን ጉንጯ ላይ አሸችና እጇን ወደ ወርቁ ዘረጋች። ወርቅ የለም። እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

«ምን አደረግሁ፣ ልጄ?» አለችኝ።

ቦርቶሎ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሸራውን አየ፣ ቁጭ አለ።

«ሦስት ሳምንት ነው የቀረኝ። ይሄን አጥቤ እንደገና ነጭ ብቀባ በዚህ ጉም መቼ ሊደርቅልኝ ነው? ወደ ዶሮዎቹ ልላክሽ ስላልኩ በእልህ ነው ያደረግሽው፣ አይደል?»

«እልህ አይደለም። እጄ ነው።»

በንዴት ብሩሹን ነጭ ቀለም ውስጥ ነከረና ሸራው ላይ አንድ ጊዜ ሞጨረው። ለመሳል አልነበረም፤ ለማበላሸት ነው። ጭረቷ ግን ግንባር መሰለች። ከጨለማ ቤት በር ላይ ብቅ ያለ ሰው ግንባር።

ሦስታችንም ወደ ሸራው ጠጋ አልን።

«የተልባ ዘይት እሽበት» አለች አክስቴ ቀስ ብላ። ራሷ በጨርቅ አሸችው። ቀዩ የበሬ ጉበት መሰለ፣ ጠለቀ። «በነጭ ላይ ስትሠራ ጥላውን ስትደርብ፣ ስትደርብ ነው የምትኖረው። አሁን ጥላውን እኔ ቀብቼልሃለሁ። አንተ ብርሃኑን ብቻ አስቀምጥ።»

ቦርቶሎ እጅጌውን ሰበሰበ።

ለቅዱሱ እጅ አርአያ እንዲሆን ሽማግሌውን ዓሣ አጥማጅ ሜኔጎን አስቀመጥነው፤ ገመድ የሰበረው ጠማማ ጣት አለው። ቤቱ ለአራት ቀን ዓሣ ዓሣ ሸተተ። ቦርቶሎ ጉልበቱን፣ ትከሻውን፣ መረቡን እያወጣ፣ ሌላውን ለቀይዋ አፈር እየተወ ሄደ። አክስቴ ከጎኑ ቆማ «እዚህ አትንካው፣ ይደር» ትለዋለች። እሱም ይሰማታል። መጨረሻ ላይ «አክስቴ፣ ራሱ ዙሪያ ፀጉር የምታህል ቀጭን የወርቅ ክብ ቦታ ልተውልሽ?» አላት።

ሥዕሉን ብዙ አየችው። «አያስፈልገውም። ግንባሩ ያበራል።»

በበዓሉ ዋዜማ ለማታ ጸሎት ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ጉሙ ከሰዉ ጋር አብሮ ገብቷል። ዛኔቶ ሁለት ሻማ አስለኩሶ መጋረጃውን ሳበ።

እንድርያስ ከጨለማው ወጣ። መረቡን እየጎተተ ወደ እኛ የሚመጣ ነው የሚመስለው። ፊት ያሉት ሰዎች መንገድ ሊለቁለት ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

«የሜኔጎ ጣት ናት» አለች አንዲት ሴት። ሰዉ ሳቀ።

«ጣቴ ሰማይ ቤት ከገባች እኔም እከተላታለሁ» አለ ሜኔጎ እንባውን እየጠረገ።

ዛኔቶ ሻማውን ወደ ሸራው አስጠግቶ «ይሄን ጨለማ እንዴት አመጣኸው?» ሲል ጠየቀ።

ቦርቶሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ አይደለሁም። የአክስቴ ነው።»

ያ ሁሉ ሰው ዞሮ አያት። እሷ መሐረቧን አስተካክላ ቀና ብላ ቆመች። አንገቷ ያን ያህል ረጅም መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ከገና በኋላ ሠዓሊዎች ቀዩን እንድትቀባላቸው ሸራቸውን ጠቅልለው በጀልባ መምጣት ጀመሩ። ግማሾቹ ድሮ ወርቅ ለጣፊ እያሉ ይስቁባት የነበሩ ናቸው። አሁን በራችን ላይ ወረፋ ይዘው ይቆማሉ። እሷም «መጀመሪያ ጫማህን አራግፍ» ትላቸዋለች።

እህቷ መቼ ነው የምትመጪው ብላ ሰው ልካ ነበር። አክስቴ እጇ እስከ ክርኗ ቀይ እንደሆነ «ሸራው አልደረቀም በላት» አለችው። እውነትም አልደረቀም፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላው ይሰቀላል።